ከጎማ ስር አንቱ የለም

ወንድሜን ቤት ውስጥ አንቱ ነው የምለው። በአስራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ትምህርት ቤት በር ላይ ያደርሰኝ ነበር፤ ሣጥኑ ስለሚከብድ ሁልጊዜ ወደዚያው እንዳዘመመ ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለን ሰው አንተ ለማለት አፍ አይደፍርም። «ወንድም ጋሼ ይግቡ፣ ወንድም ጋሼ ይቀመጡ» እያልኩ ነው ያደግኩት። ጋራዥ ውስጥ ግን፣ ቱታ ለብሰን መኪና በክሪክ ካነሳን፣ አንተ ነው። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። እኔ ጎማ ስር ተንበርክኬ፣ እሱ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት እባክዎ ፍሬኑን ይያዙልኝ» ብዬ ሳልጨርስ ክሪኩ ሸርተት አለና መኪናው ጓ ብሎ ወረደ። ጣቶቼን ለጥቂት ነው ያተረፍኳቸው። ዘሎ ወርዶ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። አስር መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ ነው የጮኸብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ጨዋነት ዘርግፈሽ እስክትጨርሺ መኪናው አናትሽ ላይ ይወጣል! ‹ያዝ› በይ፣ ‹ተወው› በይ፣ አለቀ! ከጎማ ስር አንቱ የለም!»

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ኖርን። ማታ እራት ላይ «ይብሉ እንጂ» የምለውን ሰው፣ ጠዋት ጎማ ስር ሆኜ «ያዝ! ተወው! ደንቁረሃል እንዴ?» እለዋለሁ። ይህንንም ታሪክ «እሱ» እያልኩ የምነግራችሁ ለዚህ ነው። የጎማ ታሪክ ነውና አንቱታው ይቆየን።

ለማያውቅ ላስረዳ። ጎማ ብረቱ ላይ እንዲሁ አይዞርም። መሃሉ ላይ ኩሽኔታ የሚባል ቀለበት አለ፤ በውስጡ የብረት ኳሶች ግራሶ ተቀብተው ይሽከረከራሉ። ኳሶቹ ሲበሉ ጎማው ይላላል፣ ሲላላ ይግላል፣ ብዙ ከቆየ ጎማው ተነቅሎ መንገዱን ብቻውን ይቀጥላል። ክፋቱ፣ ኩሽኔታ ማለቅ ሲጀምር ቶሎ አይናገርም። ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራል፤ ሹፌሮቻችን ደግሞ እግዜር ይይላቸው፣ ሬዲዮ ከፍተው ነው የሚነዱት። ስለዚህ በእጅ ነው የሚጠየቀው። መኪናውን ታነሳላችሁ፣ አንድ እጅ ከጎማው ላይ፣ አንድ እጅ ከጎማው ታች አድርጋችሁ ትገፋላችሁ፣ ትስባላችሁ። ከተነቃነቀ፣ ወንበሩ ላይ ላለው ሰው «ያዝ!» ትላላችሁ፤ ፍሬን ይረግጣል። ፍሬን ተይዞ መነቃነቁ ከቆመ ያለቀው ኩሽኔታው ነው፤ ካልቆመ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ «ተወው!» ትላላችሁ። ፍሬኑ ሲለቀቅ ጎማውን በእጅ እያሽከረከራችሁ ሌላውን መዳፍ ከጎማው ጀርባ ያለው ሞላ፣ ሱስታው ላይ ታሳርፋላችሁ። መዳፋችሁ ስር አሸዋ የሚፈጭ ከመሰላችሁ ኩሽኔታው ይቀየራል።

ሁሉም ደህና ከሆነ ጎማው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ይሰመራል። መስመር ያለበት ጎማ በእጅ የተጠየቀ ጎማ ነው። የወንድም ጋሼ ጠመኔ ቱታው የደረት ኪስ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የኪሱ አፍ ታጥቦም አይጠራም፣ ሁልጊዜ ነጭ ነው።

በዚህ ሥራ ስም አለው። ከሦስት ሰፈር ማዶ መኪና ይዘው ይመጡና «ሰውየው ራሱ ይንካልኝ» ይላሉ። አንዱ ሹፌር «ትንሽ ድምፅ ናት፣ ምንም አትል» ሲለው፣ «አማትህም ስትመጣ ትንሽ ድምፅ ነበረች» ይለዋል። ለሚያውቀው ሰው ሁሉ ቅጽል ስም ያወጣል፤ እኔን እንደ ብሎን ማሰሪያው ዳዶ ይለኛል። አጭርና ድፍን ስለሆንኩ፣ ደግሞም አንዴ ከጠበቅኩ በቀላሉ ስለማልፈታ ነው አሉ። ደንበኛው ሁሉ ስሜን ረስቶ ዳዶ እያለ ነው የሚጠራኝ። ቅር ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ጠዋት፣ በየወሩ ከምናያቸው ስድስት የትምህርት ቤት ሚኒባሶች አንዱን ልናስረክብ ስንል ዓይኔ የፊት ቀኝ ጎማ ላይ አረፈ። ሦስት መስመር። ጎን ለጎን የተሰመሩ ሦስት የጠመኔ መስመሮች።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት እየሳቅኩ፣ «ይህን ጎማ ልትድረው ነው እንዴ እንዲህ ያኳኳልከው?»

እሱም ሳቀ። ሳቁ ግን ዘገየ፤ እኔ መሳቄን አይቶ ነው የሳቀው። ዞር ብዬ የኋላውን ግራ ጎማ ሳይ አንድም መስመር የለበትም። አንዱን ጎማ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሌላውን ረስቶታል፤ ወይም ሦስት ጊዜ አስምሮ አንድ ጊዜም አልነካውም። የትኛው እንደሆነ ልጠይቀው አልደፈርኩም። ሹፌሩን «አንዴ ቆይ፣ የብሎን መፍቻ ኪያቤ ረስቻለሁ» ብዬ ዋሸሁና የቀረውን ጎማ ራሴ ነቀነቅኩት። ደህና ነበር።

በሳምንቱ ሌላ መኪና ላይ ደገመው። ከዚያ ሌላ። እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ እሁድ ቀን፣ እሱ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ጠብቄ ሚስቱ ዘንድ ወጥ ቤት ገባሁ። ሚስቱን እትዬ ነው የምላቸው። እሳቸው ጎማ ስር ገብተው ስለማያውቁ ሁልጊዜም አንቱ ናቸው። ድንች ይልጣሉ። የመስመሮቹን ነገር ስነግራቸው ቢላዋውን አላቆሙም።

«ታውቂያለሽ ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩሽ» አሉኝ። «በር ይቆልፍና ቁልፉን ለእኔ ይሰጠኛል። ‹ባለቤትየዋ ስትመጣ ስጪልኝ› ይለኛል። እኔም ‹እሺ እሰጥልሃለሁ› እላለሁ። ምን ልበል?»

«ሐኪም አያያቸውም?»

«አይቶታል። ሐኪሙ ምን ቀን እንደሆነ ጠየቀው። ‹አንተ ሐኪም ሆነህ ቀኑ ከጠፋህ እኔ ምን ልርዳህ?› አለው።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ እንባቸው መጣ። ለመጥረግ እጃቸው በድንች ውሃ ርሷል። «ልጄ፣ አንድ ነገር ለምኚኝ ብትዪኝ ይህን ነው። ሥራውን እንዳትቀሚብኝ። ጠዋት ቱታውን ለብሶ ቁልፎቹን ሲቆልፍ የማየው ሰው፣ እሱ ነው ባሌ። ቱታውን ከለበሰ ሁሉንም ያውቀዋል፤ እኔንም ያውቀኛል። ቱታው ከወለቀ አለቀልኝ።»

«አልቀማም» አልኩ። «እምላለሁ፣ እትዬ።» ማልኩ እንግዲህ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ሁለት ሆነ። ምሳ በልቶ ግድግዳው ሥር ያለው የአሮጌ ሚኒባስ ወንበር ላይ ጋደም ይላል፤ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ በጠዋት የነካቸውን ጎማዎች አንድ በአንድ እንደገና እጠይቃለሁ። «ያዝ» የምለው ሰው ስለሌለ በወንበሩና በፍሬኑ መካከል የምወትፈው አንድ ዱላ ቆርጫለሁ፤ ከመሣሪያ መደርደሪያው ጀርባ ነው የምደብቀው። ጎማው ደህና ከሆነ ከእሱ መስመር ስር በጠመኔ አንድ ነጥብ አደርጋለሁ፣ ትንሽ፣ ቀርበው ካላዩዋት የማትታይ። በወር ውስጥ ሁለት የላሉ ኩሽኔታዎች አገኘሁ። ሁለቱም ላይ የእሱ መስመር ነበረባቸው። ሁለቱንም እሱ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ቀየርኩ። ወገቤ ሊበጠስ ደረሰ። ግን ጠዋት ቱታውን ለብሶ «ዳዶ፣ ዛሬ የትኛው ነው እየተነጫነጨ ያለው?» ሲለኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዕድሜ ልኬን እንዲሁ ብደክምም ግድ አልነበረኝም።

ሰባት ወር አለፈ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ትኩሳት ያዘኝ። አልጋ ላይ ሆኜ «ዛሬ የሚመጣ መኪና የለም» ብዬ ራሴን አታለልኩ። ዓርብ ስመለስ ጋራዡ ባዶ ነበር። «ማን መጣ ትናንት?» ስለው «ማንም» አለኝ። አመንኩት። ለምን እንዳመንኩት አትጠይቁኝ፤ ማመን ስለፈለግኩ ነው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከሚኒባስ ሹፌሮቹ አንዱ መጣ። ፉጨት ነው የምንለው፤ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ እያፏጨ ስለሚመጣ ሳናየው እናውቀዋለን። ያን ቀን አላፏጨም። ሚኒባሱ እየዳኸ ገብቶ ቆመ፤ ከፊት ቀኝ ጎማው የተቃጠለ ግራሶ ሽታ ይወጣል። ጎማው ወደ ውጭ ዘሟል። በእጄ ስነካው እንደ አሮጌ ጥርስ ተወዛወዘ።

«ቁልቁለቱ ላይ ነው» አለ ፉጨት። ከንፈሩ ደርቋል። «መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስራ ስምንት ልጅ ጭኛለሁ! ቀስ ብዬ ዳር አወጣሁትና አስወረድኳቸው። በእግር ነው የሄዱት። እጅ ለእጅ አያይዤ።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረና መጮህ ጀመረ። «ሐሙስ እኮ አይታችሁታል! እዚሁ ቆሜ! አይታችሁ ነው የሰጣችሁኝ!»

ጎማውን አየሁት። ቀጥ ያለች አንዲት ነጭ መስመር። ከስሯ ምንም የለም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ ያየሁት።»

«አንቺ ሐሙስ አልነበርሽም» አለ ፉጨት።

ወንድም ጋሼ ከኋላችን መጥቶ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየሁም። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለና መስመሩን በአውራ ጣቱ ነካው። ከዚያ ጣቱን ከመስመሩ በታች፣ ባዶው ቦታ ላይ አደረገ።

«ነጥቡ የታለ?» አለኝ።

የጎማውን ብሎን በቱታዬ እጅጌ መጥረግ ያዝኩ።

«ነጥብሽን ነው የምልሽ፣ ዳዶ። ከመስመሬ ስር የምታደርጊያት።» ቀና ብሎ አላየኝም። «ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት እዞራለሁ። ጎማዎቹን አያለሁ። ነጥብሽ ካለች እግሬ እሺ ብሎ ይሄድልኛል። ሐሙስ ዕለት አላየኋትም። ወይስ አልዞርኩም? እሱን ነው የማላስታውሰው።»

ያን ሁሉ ወር እኔ ነጥቤን ስደብቀው፣ እሱም ማወቁን ሲደብቀኝ ኖሯል። ምሳ ሰዓት ላይ እውነት ይተኛ እንደነበርም ተጠራጠርኩ።

ወደ ፉጨት ዞረ። «ስንት ልጆች ነበሩ?»

«አስራ ስምንት።»

ራሱን ነቀነቀ። ጎማውን ትንሽ አየው። «ስንት ልጆች ነበሩ?»

«አስራ ስምንት፣ ጋሼ» አለ ፉጨት፣ አሁን ቁጣው በርዶ።

«ስንት ነበሩ?» አለ ለሦስተኛ ጊዜ። ረስቶ ነው ወይስ ቁጥሩ አልዋጥለት ብሎ፣ ዛሬም አላውቅም።

ፉጨት ለማንም አልተናገረም። ይህን ውለታ አልረሳለትም። እኔ ኩሽኔታውን ስቀይር ወንድም ጋሼ አጠገቤ ቆሞ ግራሶ ያቀብለኝ ነበር። ሲያልቅ፣ «ከእንግዲህ አንቺ ነቅንቂ፤ እኔ ፍሬን እይዛለሁ» አለ። «ፍሬን መያዝ መቼም አያቅተኝም።» ለእትዬ የማልኩት መሐላ አልፈረሰም ብዬ ደስ አለኝ። ቱታውን እንደለበሰ ነው፣ ጋራዡ ውስጥ ነው፣ ሰዎች «ሰላም ነህ ወይ» ይሉታል። ይበቃናል አልኩ።

ቅዳሜ ከስድስቱ ሌላ አንድ ሚኒባስ መጣ። አነሳሁት። እሱ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ በሩን ከፍቶ፣ እግሩን ፍሬኑ አጠገብ አድርጎ። የመጀመሪያው ጎማ ላይ «ያዝ!» አልኩ፣ ያዘ። «ተወው!» አልኩ፣ ተወው። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ። እንዲያውም «ድምፅሽ ዛሬ ደህና ተቀባብቷል» ብሎ ቀለደብኝ። ሦስተኛው ላይ አንድ እጄን ከላይ አንዱን ከታች አድርጌ ገፋሁ፣ ሳብኩ። ድንጋይ ነው። ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ያለ ጎማ ካየሁ ቆይቻለሁ ብዬ እጄን ወደ ጠመኔው ላክሁ፤ መስመሩን ላሰምር ጥቂት ነው የቀረኝ። ከዚያ ላሽከረክረው ስል አልዞር አለ። «ያዝ» ሳልለው፣ ቀድሞ፣ ፍሬኑን ይዞታል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ የላላ ኩሽኔታ ሁሉ ደህና ይመስላል።

«ተወው!» አልኩ።

ጎማውን በሁለት እጄ ገፋሁት።

«ተወው እኮ ነው የምልህ!»

ጎማው አልተለቀቀም። ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ወንድም ጋሼ በሁለት እጁ መሪውን ጨብጦ፣ በሙሉ ክብደቱ ፍሬኑን ረግጦ ተቀምጧል። ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ምንም የሌለበት ግድግዳ ላይ ነው።

«ሰምቼሻለሁ» አለኝ። «ተወው ስትዪ ሰምቻለሁ። ምኑን እንደሆነ ነው የጠፋኝ።»

መልስ መስጠት ቀላል ነበር። «ፍሬኑን» ማለት ብቻ ነው። አንዲት ቃል። እግሩን ያነሳ ነበር፣ እኔም ወደ ጎማው እመለስ ነበር፣ ቱታውም እንደተለበሰ ይውል ነበር። ድንች ልጣጭ መካከል የማልኩት መሐላ ትዝ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አስራ ስምንት ልጆች መንገድ ዳር፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ታዩኝ።

«ልተወው?» አለኝ። አሁን ፊቱን ወደ እኔ መልሶ ነው። አጥርቶ ያየኛል፤ ማን እንደሆንኩ ያውቃል።

«ይተዉት፣ ወንድም ጋሼ» አልኩ።

እጁን ከመሪው ላይ አነሳ።

«አንቱ አልሽኝ።»

«አዎ።»

«መኪናው ክሪክ ላይ ነው እኮ።»

«አዎ» አልኩ።

እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ አነሱ። ቀስ ብለው ወረዱ፤ ክንዳቸውን ያዝኳቸው። የቱታቸውን ቁልፎች ሊፈቱ ጀመሩና ጣቶቻቸው አልታዘዝ ሲሏቸው እኔ ፈታሁላቸው። ከደረት ኪሱ ጠመኔውን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ቱታውን አጣጥፌ ክንዴ ላይ አደረግኩና ወደ ቤት ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ ሰዎች ሰላም አሏቸው። በትህትና አጎንብሰው መለሱ፤ አንዱንም ግን በቅጽል ስሙ አልጠሩትም።

እትዬ በሩን ከፈቱ። መጀመሪያ ያዩት ባላቸውን አልነበረም፤ ክንዴ ላይ ያለውን ቱታ ነው።

«አወለቅሽብኝ» አሉ።

አልካድኩም። ወንድም ጋሼ ወደ ሚስታቸው ቀረብ ብለው፣ እንደ እንግዳ ሰው ቆባቸውን አንስተው እጅ ነሱና፣ «ባለቤትየዋ አሉ?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው። በሩን ፊቴ ላይ አልዘጉትም፤ ክፍቱን ትተውት ነው የገቡት። እኔ ግን አልገባሁም።

ሚኒባሱ ክሪክ ላይ እንደተነሳ ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ ዱላዬን አወጣሁ፤ አሁን የምደብቀው ሰው የለም። ሦስተኛውን ጎማ ያዝኩት፣ አንድ እጅ ከላይ አንድ እጅ ከታች። ገፋሁ፣ ሳብኩ። በዱላው ፍሬኑን ወትፌ ነቀነቅኩ። ዱላውን አውጥቼ አሽከረከርኩ፣ መዳፌን ሱስታው ላይ አሳረፍኩ። ደህና ነው። በወንድም ጋሼ ጠመኔ መስመሩን አሰመርኩ። ከመስመሩ ስር ነጥብ የሚያደርግልኝ ስለሌለ፣ ጎማውን እንደገና ያዝኩት።